ኦል ቴሬን ጎማ ምንድን ነው?

በላንድክሩዘር ወይም በሃይሉክስ ጎማ ጎን ላይ «ኤ/ቲ» ተብሎ ከተጻፈ ጎማው ኦል ቴሬን፣ ማለትም ለሁሉም ዓይነት መሬት የሚሆን ነው። ቦታው በአስፋልቱ ጎማ (ኤች/ቲ) እና በጭቃው ጎማ (ኤም/ቲ) መሃል ነው። ኤች/ቲ ጥርሱ የተጠጋጋ፣ በጥርሶቹ መሃል ያለው ቦይ ጠባብ ነው። ብዙ ላስቲክ መንገዱን ስለሚነካ ፍሬን ሲያዝ ቶሎ ይቆማል፤ ድምፁም ነዳጁም ቀላል ነው። ኤም/ቲ ደግሞ ጥርሶቹ ትልልቅና የተራራቁ ናቸው፤ ሰፊው ቦይ ውስጥ የገባው ጭቃ ጎማው ሲዞር ተወርውሮ ይወጣል። ኤ/ቲ ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ወስዷል። የጥርሱ ጥልቀት አዲስ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ በየጥርሱ ላይ በምላጭ የተጫረ የሚመስሉ ስንጥቆች አሉት። በእርጥብ አስፋልት ላይ የሚይዙት እነዚህ ስንጥቆች ናቸው። ኤም/ቲ ላይ ጥቂት ስለሆኑ መኪናው በሐምሌ ዝናብ ቀለበት መንገድ ላይ ፍሬን ሲይዝ ይንሸራተታል። ለመልኩ ብሎ ኤም/ቲ አስገጥሞ ከተማ ውስጥ የሚውል ሰው ገንዘብ ከፍሎ አደጋ ገዝቷል።

ኤ/ቲ የማይችለውም አለ፤ ሻጭ ይህን ሲናገር ብዙም አይሰማም። ክረምት ላይ የደጋው ጥቁር አፈር፣ መረሬ ወይም ዋልካ የሚባለው፣ ቦዩን በጥቂት ዙር ይደፍነዋል። ከዚያ በኋላ ጎማው ልሙጥ ነው፤ ነዳጅ ቢረግጡም መኪናው ራሱን ይቀብራል እንጂ አይወጣም። ከሰኔ እስከ መስከረም ሥራው እንዲህ ባለ መንገድ ላይ የሆነ መኪና ኤም/ቲ ይፈልጋል። በዓመት ሁለት ሦስቴ ብቻ የሚገባ ግን ኤ/ቲውን ይዞ ጎማ ላይ የሚታሰር ሰንሰለት ቢጭን ይሻለዋል።

አብዛኛው የአገራችን ከአስፋልት ውጪ ያለ መንገድ ግን ጭቃ ሳይሆን ኮረኮንች ነው። እዚያ ጎማ የሚሞተው በጎኑ ነው። ስለታም ድንጋይ ጥርሱን ቢወጋው ጎሚስታ ይጠግነዋል፤ ጎኑን ከቀደደው ግን ጎማው ለመንገድ አይሆንም፣ ምክንያቱም ሲዞር እየታጠፈ የሚዘረጋው ያ ክፍል ስለሆነ ጥገናው አይቆይም። ስለዚህ ኤ/ቲ ሲገዙ ከጥርሱ ቅርጽ በፊት ከመጠኑ ቁጥር ፊት «ኤልቲ» የሚል መኖሩን ይመልከቱ። ይህ ለቀላል ጭነት መኪና የተሠራ፣ አካሉ የወፈረ ጎማ ነው። ተመሳሳይ ጥርስ፣ ተመሳሳይ ስም ያለው ጎማ በተራውም በኤልቲም ይሸጣል፤ ዋጋው የረከሰው ብዙ ጊዜ ተራው ነው።

ቁጥሩን እንዲህ ያንብቡት። 265/70 አር 16 ማለት ስፋቱ 265 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 70 በመቶ፣ ቸርኬው 16 ኢንች ነው። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው የጭነት ቁጥር ነው፤ 112 ከሆነ አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ግራም፣ 121 ከሆነ 1,450 ኪሎ ግራም ይሸከማል። ታዲያ ኤልቲው ያን ሁሉ የሚሸከመው ንፋሱ ከፍ ሲል ነው። በሹፌሩ በር ላይ የተለጠፈው የንፋስ ልክ መኪናው ከፋብሪካ ይዞት ለወጣው ጎማ ስለሆነ፣ ተራውን በኤልቲ የቀየረ ሰው ለዚያው ጭነት ከዚያ ከፍ አድርጎ መንፋት አለበት። ልኩን የጎማው አምራች የጭነት ሠንጠረዥ ይነግረዋል።

መጠኑን ከፍ ማድረግ የሚመኝ ብዙ ነው። ከ265/70 ወደ 265/75 ሲኬድ የጎማው ቁመት ከ777 ወደ 804 ሚሊ ሜትር ያድጋል። መኪናው ከመሬት የሚነሳው ግን የዚህን ግማሽ፣ 13 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በዚህ ምትክ ፍጥነት መለኪያው 100 ሲል መኪናው 103 ይሄዳል፣ መሪ እስከ መጨረሻ ሲጠመዘዝም ጎማው ፓራፋንጎ ሊነካ ይችላል። ከሁሉ የሚብሰው ራቅ ያለ ከተማ ላይ ተመሳሳዩን ማጣት ነው። የድሮዎቹ ላንድክሩዘሮች 7.50 አር 16 ጎማ ከከመነዳሪ (ንፋሱን ከሚይዘው የውስጥ ላስቲክ) ጋር ዛሬም የሚመረጠው፣ መጠኑ የአነስተኛ ጭነት መኪናም ስለሆነ በየከተማው ስለሚገኝ ነው።

የተሠራበትን ጊዜ ሳያዩ አይክፈሉ። በጎኑ ላይ «ዲ.ኦ.ቲ» ከሚለው ተከታታይ ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ፤ የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይነግራሉ። ዓመቱ የፈረንጅ ነው! 3218 ያለበት ጎማ በእኛ 2010 ዓ.ም. ነሐሴ መግቢያ ላይ የተሠራ ነው እንጂ የ2018 አዲስ ጎማ አይደለም። ጥርሱ ሳይነካ መደርደሪያ ላይ የቆየም ቢሆን ላስቲኩ ይደርቃል፤ በጎኑና በቦዩ ውስጥ ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆች ከታዩ ይተዉት።

ኤ/ቲ ከተገጠመ በኋላ ሥራውን የሚወስነው ንፋስ ነው። በአስፋልት 35 ፒ.ኤስ.አይ የሚሄድ መኪና ረጅም ኮረኮንች ላይ ወደ 26 ቢወርድ ጎማው ድንጋዩን ተለሳልሶ ያልፈዋል፤ ከባድ ጭነት ካለ ያን ያህል አይወረድም። አሸዋ ላይ እስከ 18 ይወረዳል፣ ጎማው ርዝመቱ ጨምሮ አሸዋው ላይ እንዲተኛ። ንፋስ ሲቀነስ ፍጥነትም ይቀነሳል፦ ኮረኮንቹ ላይ ከ80፣ አሸዋው ላይ ከ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት በታች። በቀነሰ ንፋስ አስፋልት ላይ የሮጠ ጎማ ጎኑ ከሚገባው በላይ ስለሚታጠፍ ይግላል፣ በመጨረሻም ይፈነዳል። ስለዚህ መለኪያና ትንሽ ኮምፕሬሰር ያልያዘ ሰው ንፋስ አያውጣ። መለኪያው ሌላም ይነግራል፤ ጠዋት በቀዝቃዛው ለክተው ከአንድ ሰዓት ጉዞ በኋላ ኤልቲው ከ6 ፒ.ኤስ.አይ በላይ ከጨመረ፣ ወይ ንፋሱ አንሷል ወይ ጭነቱ በዝቷል።

ቱብለስ (ያለ ከመነዳሪ የሚሠራ) ጎማ ሲበሳ ከመነዳሪ ከትቶ መሸኘት የተለመደ ነው። ቤት ለመድረስ ያህል ይሆናል። ከዚያ በላይ ግን ከመነዳሪውና ጎማው እየተፋተጉ ይግላሉ፣ ሲበሳም ንፋሱ በዝግታ ሳይሆን በአንዴ ይወጣል።

ስኮርታውን ጨምሮ አምስቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ። ፎርዊል ሲገባ የፊትና የኋላ አክስል አንድ ላይ ተቆልፈው የሚዞሩባቸው መኪኖች ላይ፣ ፊት አዲስ ኋላ ያለቀ ጎማ ካለ የዙሩ ልዩነት በማርሽና በዲፈረንሻል ላይ ይጠራቀማል። በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ሲቀያየሩ ስኮርታውም ዙሩ ውስጥ ይግባ፤ አለበለዚያ አራቱ ሲያልቁ እሱ በጥርስ አዲስ፣ በዕድሜ ያረጀ ሆኖ ይቀራል።