ኮንቴክስት ዊንዶው ምንድን ነው? ኤአዩ ልቦለዳችሁን አልተማረውም

«ልቦለዴን በሙሉ ለቻትጂፒቲ አስተምሬዋለሁ። አሁን ገጸ ባሕርያቴን ከእኔ በላይ ያውቃቸዋል።»

ይህን አባባል በተለያየ መልኩ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ ለጀማሪ ደራሲያን ምክር አድርጎ ሲያቀርበው አየሁ። ምዕራፎቹን አንድ በአንድ አስገቡለት፤ እየተማረ ይሄዳል፤ ከዚያ የቀረውን አብሯችሁ ይጽፋል ይላል። ሰውየው በቅንነት እንደተናገረ አልጠራጠርም። ምክሩ ግን የብዙ ወራት ልፋት ላይ ውኃ የሚቸልስ ነው። የእኔ ሥራ የቋንቋ ቴክኖሎጂ ነው፤ በተለይ አማርኛ ማሽን ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚገጥመው ማየት። ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

አልተማረም። ከልቦለዳችሁ አንዲትም ነገር አልተማረም።

ቻትጂፒቲ ይሁን ክሎድ ወይም ጀሚናይ፣ ከእነዚህ የኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ፕሮግራሞች ጀርባ ያለው ሞዴል፣ ማለትም ጽሑፍ አንብቦ መልስ የሚጽፈው ሥርዓት፣ የሚማረው ኩባንያው ሲያሠለጥነው ነው። ያኔ ፓራሜትር የሚባሉ እጅግ ብዙ ቁጥሮች ይስተካከላሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ጂፒቲ-3 ብቻውን 175 ቢሊዮን ነበረው። ሥልጠናው ሲያልቅ ቁጥሮቹ ባሉበት ይቆማሉ። እናንተ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ቁጭ ብላችሁ ምዕራፍ ሦስትን ስትለጥፉለት፣ ከእነዚያ ቁጥሮች አንዱም ንቅንቅ አይልም።

ታዲያ ስለ ጀግናችሁ እንዴት ያወራል? ኮንቴክስት ዊንዶው የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ሞዴሉ አንድ መልስ ለመስጠት በአንድ ጊዜ ሊያነብበው የሚችለው የጽሑፍ መጠን ማለት ነው። ጥያቄያችሁ፣ የለጠፋችሁት ምዕራፍ፣ እሱ ራሱ እስካሁን የመለሰው፣ ኩባንያው ከጀርባ ያስቀመጠለት መመሪያ፣ ሁሉም እዚያው ውስጥ ይገባል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። አዲስ መልእክት በላካችሁ ቁጥር ፕሮግራሙ ንግግሩን እንደገና ከላይ ጀምሮ ለሞዴሉ ያቀርብለታል። ሞዴሉ የትናንቱን አያስታውስም። ከአምስት ደቂቃ በፊት የተባለውንም አያስታውስም። በየመልሱ እንደ አዲስ ነው የሚያነብበው።

አዝማሪ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። አዝማሪው ማሲንቆ አያያዙን፣ ቅኝቱን፣ ግጥም አሰካኩን ይዞት የመጣው ከልጅነቱ ነው። ያ ሥልጠናው ነው። እናንተ ስትገቡ ስማችሁን እንኳ አያውቅም። ጓደኛችሁ ጠጋ ይልና «ሙሽራ ነው፤ ከደብረ ታቦር ነው የመጣው» ብሎ በጆሮው ሹክ ይለዋል። ወይ ራሳችሁ «ተቀበል!» ብላችሁ ግጥም ትሰጡታላችሁ። ወዲያው ስለ እናንተ ያዜማል፣ ቤቱ በሳቅ ይሞላል፣ እናንተም «እንዴት አወቀኝ?» ትላላችሁ። አላወቃችሁም። በጆሮው የገባውን በሙያው አዋዝቶ መለሰላችሁ። ኮንቴክስት ዊንዶው ውስጥ ያለው ያ ሹክሹክታ ነው፤ ሙያው ሌላ ቦታ ነው ያለው።

አሁን ምሽቱ ይግፋ። ቤቱ ይሙላ፣ ከየጥጉ ሰው እየተነሣ በጆሮው ይንገረው። የእናንተ ሙሽርነት ከጆሮው ይወጣል። አዝማሪ ግን ማሲንቆውን አስቀምጦ ዝም አይልም። ስም ሲጠፋው «የኔ ጌታ» ብሎ ያልፋል፤ ለማንም በሚሆን ግጥም ይሞላዋል፤ ዜማውም አይሰበርም። ሞዴሉም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ዊንዶው ሲሞላ፣ እንደየአገልግሎቱ፣ ወይ የመጀመሪያው ጽሑፍ ይወድቃል ወይ ባጭሩ ተጨምቆ ይቀመጣል። የጎደለውን ሥልጠናው በለመደው ነገር ይሞላዋል። ዓረፍተ ነገሩ ያማረ ስለሆነ የጠፋ ነገር መኖሩን አታውቁም።

ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ አይሠራም፤ እሱንም መናገር አለብኝ። እውነተኛ አዝማሪ ደንበኛውን ዓመት ቆይቶም ያስታውሰዋል። ሞዴሉ አያስታውስም። አዲስ ቻት ክፈቱ፤ «ሜሞሪ» የሚባለውን አጥፉና «የልቦለዴ ዋና ገጸ ባሕርይ ስም ማን ነው?» በሉት። ወይ አላውቅም ይላል፣ ወይ ከራሱ ፈጥሮ አንድ ስም ይሰጣችኋል።

አንዲት ደራሲ ወዳጄ ረቂቋን ሰጥታኝ ነበር። ፈቅዳልኝ ነው የማወራው። ታሪኩ ወሎ ገጠር ውስጥ በ1967 ዓ.ም. ይጀምራል፤ የዕድገት በኅብረት ዘማቾች መንደሩ ሲደርሱ። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ አስናቀች ናት። ግራ እጇ አይታዘዝላትም። አማቷን እትዬ ዘነበችን የምታናግራት በ«አንቱ» ነው። የመጀመሪያዎቹን አምስት ምዕራፎች ወዳጄ ራሷ ጻፈቻቸው፤ አማርኛዋ ግሩም ነው። ከዚያ በኋላ ያሉትን በአንድ ረጅም ቻት ውስጥ ከኤአዩ ጋር እየተቀባበለች ሄደች።

ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ አስናቀች አማቷን «አንቺ ደግሞ ምን ሆነሻል?» ትላታለች። ለዚያች ሴት፣ በዚያ ዘመን፣ በዚያ ቤት፣ ይህ ተራ ስሕተት አይደለም። ትዳር የሚያስፈታ ንግግር ነው። ሁለት ምዕራፍ ቆይቶ አክንባሎውን በሁለት እጇ ብድግ ታደርገዋለች። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ዘማቾቹ ማታ ሬዲዮ ከፍተው የግርማዊነታቸውን ንግግር ያዳምጣሉ። ንጉሡ ከዙፋን የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ነው። ዘመቻው የተጀመረው ደግሞ ከዚያ በኋላ፣ ታኅሣሥ ላይ ነው። በዘማቾቹ ሬዲዮ የሚናገር ንጉሥ አልነበረም።

ይህ ከየት መጣ? ሞዴሉ 1967ን በፈረንጆቹ ቆጠረው። በእነሱ 1967 ንጉሡ ዙፋናቸው ላይ ናቸው። ሥልጠናው ውስጥ አብዛኛው ዓመት በፈረንጆቹ የተጻፈ ስለሆነ ወደዚያ ይስባል። ምዕራፍ አንድ ዊንዶው ውስጥ እስካለ ድረስ የደራሲዋ አገር፣ ዘመንና አቆጣጠር ያንን ስበት ይዘውት ነበር። ምዕራፍ አንድ ሲወጣ ስበቱ ተመለሰ። «አንቱ»ም የጠፋው እንዲሁ ነው። ሞዴሉ በብዛት የበላው እንግሊዝኛ ለአማትም ለእኩያም አንድ ዓይነት አጠራር ነው ያለው። ወዳጄ «ረስቶት ነው፤ ላስታውሰው» አለችኝ። የተማረው ነገር ቢኖር ኖሮ መቼ ይረሳ ነበር? ሊያነብበው የሚችለው ጽሑፍ አልነበረም፤ በቃ።

እዚህ ላይ የሙያዬን ነገር ልጨምር፤ ማንም ሳይጠይቀኝ። ዊንዶው የሚለካው በቃል ወይም በገጽ አይደለም፣ በቶክን ነው። ቶክን ሞዴሉ ጽሑፍን የሚቆራርጥበት ቁራጭ ነው። በእንግሊዝኛ 1,000 ቶክን ወደ 750 ቃል ግድም ይይዛል። አማርኛ ላይ ሒሳቡ ይለያል። አንድ የላቲን ፊደል ኮምፒውተር ውስጥ 1 ባይት (የኮምፒውተር የቦታ መለኪያ) ሲይዝ፣ አንድ የግዕዝ ፊደል በተለመደው የፊደል አቀማመጥ፣ በዩቲኤፍ-8፣ 3 ባይት ይይዛል። «ስላልነገረችውም» የምትለውን ቃል ውሰዱ። 9 ፊደል ናት፤ ስለዚህ 27 ባይት። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ የተሠሩት የድሮ መቁረጫዎች አማርኛን ባይት ለባይት ያህል ይበጣጥሱት ስለነበር፣ ይህች አንድ ቃል እስከ 27 ቶክን ልትበላ ትችል ነበር። ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ሲወጣ ዊንዶው 4,000 ቶክን አካባቢ ነበር። ለእንግሊዝኛ ደራሲ ይህ 3,000 ቃል ያህል ነው። ለእኛ ጥቂት መቶ ቃል። አንድ የመንደር ጠብ ተጀምሮ ሳያልቅ ዊንዶው ይሞላል። አዳዲሶቹ መቁረጫዎች አማርኛን በጣም በተሻለ ሁኔታ ይይዙታል። ልዩነቱ ግን ዛሬም አለ። ስለዚህ የእንግሊዝኛ ደራሲ «ሙሉ ልቦለዴ ይገባል» ሲል ሰምታችሁ በራሳችሁ ረቂቅ ላይ ያንኑ አትጠብቁ።

ያ አስተያየት ሰጪ ለዚህም መልስ ነበረው፤ ድሮ ቀረ፣ አሁን ዊንዶው ሚሊዮን ገብቷል ይላል። መጠኑ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ይፋ የሆነው ጀሚናይ 1.5 እስከ 1 ሚሊዮን ቶክን እንደሚይዝ ተነግሯል። የአማርኛ ልቦለድም ይገባበታል። ግን መግባትና መነበብ ለየቅል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ አንድ ጥናት፣ ተፈላጊው መረጃ ከረጅም ጽሑፍ መካከል ላይ ሲሆን የወቅቱ ሞዴሎች እንደሚስቱት፣ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ሲሆን ግን የተሻለ እንደሚያገኙት አሳይቷል። ሞዴሎቹ ከዚያ ወዲህ ተሻሽለዋል፤ ድክመቱ ግን ፈጽሞ ጠፋ ማለት አይደለም። አዝማሪው ጋ ብንመለስ፣ መጀመሪያ የነገረውና አሁን የነገረው ሰው ስም ይቀርበዋል፤ መሃል ላይ የተናገሩት ይደባለቁበታል። የልቦለድ መሃል ደግሞ ጥቃቅኑ ነገር ሁሉ የሚጠራቀምበት ነው። ማን ለማን ምን አበደረ፣ ማን የማንን ምስጢር ሰማ።

«ሜሞሪ»ውስ? እሱም ሥልጠና አይደለም። ፕሮግራሙ ስለ እናንተ አጫጭር ማስታወሻ ይይዛል፣ ወይም ከድሮ ቻቶች ይቀነጭባል፤ ከዚያ ያንን ዊንዶው ውስጥ ይጨምርላችኋል። ከ300 ገጽ የሚተርፈው «ተጠቃሚው ስለ ወሎ ልቦለድ እየጻፈ ነው» የሚል መስመር ሊሆን ይችላል። ፋይል መጫንም እንዲሁ በጥንቃቄ ነው። ብዙ አገልግሎቶች ትልቅ ፋይልን ይቆራርጡና ከጥያቄያችሁ ጋር የሚቀራረበውን ቁራጭ ብቻ አውጥተው ለሞዴሉ ያሳዩታል። «ጀግናዋ የሞተችው የት ነው?» ብትሉት ቁራጩን ሊያገኘው ይችላል። «አጨራረሱ ያሳምናል ወይ?» ብትሉት ግን አራትና አምስት ቁራጭ አይቶ ስለ ሙሉ መጽሐፍ ሊፈርድ ይችላል። ፍርዱ ደግሞ በራስ መተማመን የተሞላ ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ሰው ያልተነበበለትን መጽሐፍ በዚያ ፍርድ ይቆርጠዋል፣ አንዳንዴም ይተወዋል።

በእውነት ማስተማር የሚባል ነገርም አለ፤ ፋይን-ቲዩኒንግ ይባላል። እሱ ቁጥሮቹን ይነካል። ግን አንድ ልቦለድ ለዚያ ትንሽ ነው። ቢሠራም ይበልጥ የሚይዘው የአጻጻፍ ለዛችሁን ነው እንጂ አስናቀች የትኛው እጇ እንደማይታዘዝላት አይደለም። ጽሑፋችሁን ኩባንያው ለወደፊት ሥልጠና ይጠቀምበት እንደሆነ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው። መልሱ በየአገልግሎቱ ውልና በሴቲንጋችሁ ላይ ይወሰናል። ሳታዩት አትለጥፉ። ያም ቢሆን የዛሬው ቻት አሁን ተማረ ማለት አይሆንም።

ለወዳጄ ያልኳት ይህን ነው። የታሪኩን መዝገብ አንቺ ያዢ። ሁለት ገጽ ይበቃል። ማን ማንን «አንቱ» ይላል፣ ማን «አንተ» ይላል፣ ማን ከማን ጋር ዝምድና አለው፣ የማን አካል ምን ሆኗል፣ ማን ምን ያውቃል፣ ማን ገና አልሰማም። ከላይ በጉልህ «ዓመቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሰዓቱም በኢትዮጵያ ነው» ብለሽ ጻፊ። አለበለዚያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተነሣ ሰው ፀሐይ ሲሞቅ ታገኚዋለሽ። ለየምዕራፉ አዲስ ቻት ክፈቺ፤ መዝገቡንና ያለፈውን ምዕራፍ ለጥፊ፤ ጥያቄሽን መጨረሻ ላይ አድርጊው። ስለ ታሪኩ አንድ ነገር ሲልሽ «ዓረፍተ ነገሩን ከጽሑፉ ጥቀስልኝ» በዪው፤ የጠቀሰውንም ረቂቅሽ ላይ ፈልጊው። ከሌለ ፈጥሮታል።

አሁን በዚህ መንገድ እየሠራች ነው። መዝገቡን ስትሞላ እትዬ ዘነበች የአስናቀችን ምስጢር መቼ እንደሰማች ራሷም ወስና እንዳልነበር አየች። ያንን ትዕይንት ያለ ኤአይ ጻፈችው፤ ከመጽሐፉ የምወደው ክፍል እሱ ነው።

የአማርኛ ጸሐፊ ከመለጠፉ በፊት ሁለት ነገር ይይ። አንደኛው ስም ነው። አንድ ምዕራፍ ላይ «ኃይሉ»፣ ሌላው ላይ «ሀይሉ»፣ ሦስተኛው ላይ «ሃይሉ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ለእናንተ አንድ ሰው ነው። ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ፊደላት፣ የተለያዩ ቶክኖች ናቸው። ትልልቆቹ ሞዴሎች ብዙ ጊዜ ይረዱታል፤ ቁራጭ ፈልጎ የሚያወጣው ክፍል ግን ሊስተው ይችላል። በአንድ አጻጻፍ አስተካክሉት። ሁለተኛው የድሮ ረቂቅ ነው። በድሮው የአማርኛ መጻፊያ፣ በቪዥዋል ግዕዝ፣ የተጻፈ ፋይል ስክሪን ላይ አማርኛ ይመስላል እንጂ ውስጡ የላቲን ምልክት ነው። ከእሱ አንድ አንቀጽ ኮፒ አድርጋችሁ ስልካችሁ ላይ ለጥፉት። የሚታየው የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ከሆነ ሞዴሉም የሚያገኘው ያንኑ ነው፤ መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ፣ ለእያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል የራሱ ቁጥር ወዳለው የዛሬው አጻጻፍ፣ ይቀየር።