«ክላሲክ ላይንአፕ» ምንድን ነው?

የእንግሊዙ ሄቪ ሜታል ባንድ የአይረን ሜይደን አድናቂዎች «ምርጡ አልበም የቱ ነው? ከሁሉም የወረደውስ?» ብለው ከጀመሩ በቀላሉ አይላቀቁም። አንዱ «ፓወርስሌቭ» ይላል። ሌላው «ሰቨንዝ ሰን» ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ከመሃል አንዱ «ክላሲክ ላይንአፑ እያለማ...» ይላል። ከዚያ ወዲያ የአልበሙ ነገር ይቀርና ክርክሩ ማን ከማን ጋር ይጫወት ነበር ወደሚለው ይዞራል።

ክላሲክ ላይንአፕ የሚባለው፣ በባንዱ ውስጥ ካለፉት አባላት ሁሉ መካከል አድናቂው «እነዚህ ናቸው ዋናዎቹ» ብሎ የሚይዛቸው ስብስብ ነው። ኳስ ደጋፊ የድሮ ቡድኑን አሰላለፍ በቃሉ እንደሚወጣው ማለት ነው። ሰዎቹ የግድ መሥራቾቹ አይደሉም። ብዙ ጊዜ የባንዱ ስም በገነነበት ወቅት የነበሩት ናቸው። የሚሾማቸውም አድናቂው ነው።

አይረን ሜይደንን በ1975 ምሥራቅ ለንደን ላይ የመሠረተው ቤዝ ተጫዋቹ ስቲቭ ሃሪስ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ባንዱ እስከ 2021 ድረስ 17 የስቱዲዮ አልበም አውጥቷል። ክላሲክ የሚባሉት አምስት ሰዎች ናቸው፦ ድምፃዊው ብሩስ ዲኪንሰን፣ ሃሪስ፣ ጊታሪስቶቹ ዴቭ መሪ እና ኤድሪያን ስሚዝ፣ ድራመሩ ኒኮ ማክብሬን። በ1980ዎቹ አምስቱ አብረው የሠሩት አራት የስቱዲዮ አልበም ነው፦ «ፒስ ኦፍ ማይንድ» (1983)፣ «ፓወርስሌቭ» (1984)፣ «ሰምዌር ኢን ታይም» (1986) እና «ሰቨንዝ ሰን ኦፍ ኤ ሰቨንዝ ሰን» (1988)።

አንድ ትልቅ አልበም ግን እዚህ ውስጥ የለም። «ዘ ነምበር ኦፍ ዘ ቢስት» (1982) ባንዱን በእንግሊዝ የአልበም ሰንጠረዥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንደኛ ያደረገ ሥራ ነው። ብዙ አድናቂም ከምርጦቹ ተርታ ያስቀምጠዋል። ድራሙን የመታው ግን ማክብሬን ሳይሆን ክላይቭ በር ነው። «ረን ቱ ዘ ሂልስ» ሲጀምር የሚሰማው ያ ድራም የእሱ ነው። ይህን ለአድናቂ ብትነግሩት «እሱማ ይቆጠራል!» ብሎ ያልፋችኋል። እውነቱን ለመናገር እኔም እቆጥረዋለሁ። ከዚያም በፊት የነበረውን ድምፃዊ ፖል ዲያኖን የሚመርጡ አሉ። ለእነሱ ምርጡ ነገር በ1980 እና በ1981 በወጡት ሁለት አልበሞች አልቋል። የዲያኖ ድምፅ ሻካራ ነው፣ የመንገድ ልጅ ድምፅ ነው፤ የወደደው ሰው ዲኪንሰን አይዋጥለትም።

ስሚዝ በ1990 ወጣ፣ ያኒክ ገርስ ተተካ። የዚያው ዓመት አልበም «ኖ ፕሬየር ፎር ዘ ዳይንግ» በአድናቂው ዘንድ ብዙም ቦታ የለውም። ግን ባንዱ በእንግሊዝ የነጠላ ዘፈን ሰንጠረዥ አንደኛ የወጣበት ብቸኛ ዘፈን ያለው እዚህ አልበም ላይ ነው። ጉድ በሉ!

የወረደው የቱ ነው ሲባል ግን ጣት የሚቀሰረው በብሌዝ ቤይሊ ላይ ነው። ዲኪንሰን በ1993 ሲለቅ በቦታው የገባው እሱ ነው። ሁለት አልበም ሠራ፦ «ዘ ኤክስ ፋክተር» (1995) እና «ቨርቹዋል ኢሌቨን» (1998)። ሁለተኛው በእንግሊዝ 16ኛ ላይ ቀረ። ጥፋቱ ሁሉ በድምፃዊው ተላከከ።

እኔ ይህ ፍርድ አይዋጥልኝም። የብሌዝ ድምፅ ወፍራምና ዝቅ ያለ ነው። መድረክ ላይ ግን ለዲኪንሰን ቀጭን ጩኸት የተሠሩትን ዘፈኖች እንዲዘፍን ተደረገ። ማን ይችለዋል? ለእሱ ድምፅ የሚሆን ነገር ሲሰጠው ሌላ ሰው ነው። «ዘ ኤክስ ፋክተር» ጨለም ያለ፣ ረጅም፣ ከባድ አልበም ነው፤ ድምፁም ልክክ ብሎበታል። «ቨርቹዋል ኢሌቨን» ላይ ደግሞ አንዱን ሐረግ ደጋግሞ ደጋግሞ ወደ አስር ደቂቃ የሚጠጋውን «ዘ ኤንጀል ኤንድ ዘ ጋምብለር»ን የጻፈው ብሌዝ አይደለም፣ ሃሪስ ነው። አልበሙ ደካማ ነው፣ እሱን አልከላከልም። ግን ደካማ ያደረገው ማን እንደሆነ ይታወቅ።

ዲኪንሰንና ስሚዝ በ1999 ተመለሱ፤ ገርስም አልወጣም፣ ጊታሩ ሦስት ሆነ። ከተመለሱ በኋላም ባንዱ የብሌዝን ዘመን ዘፈኖች «ሳይን ኦፍ ዘ ክሮስ» እና «ዘ ክላንስማን»ን መጫወቱን አላቆመም። በ2001 ሪዮ ላይ የተቀዳውን የመድረክ አልበም ስሙት። «ዘ ክላንስማን» ሲመጣ ሕዝቡ አብሮ ይጮሃል።

እንደውም አባላት ሳይቀየሩ አድናቂ የሚከፋፈልበት ጊዜ አለ። ሌላው የሜታል ባንድ ሜታሊካ «ጥቁሩ አልበም» የሚባለውን በ1991፣ «ሎድ»ን ደግሞ በ1996 ያወጣው በእነዚያው አራት ሰዎች ነው። «ሎድ» ሲወጣ «ፀጉራቸውን ተቆረጡ፣ ሜታል ቀረ» ተብሎ ስንት ተባለ። ብላክ ሳባዝ የሚባለው ባንድ ጋ ደግሞ ክላሲኩ ሁለት ነው ማለት ይቻላል፦ ድምፃዊው ኦዚ ኦዝቦርን ያለበትና፣ በ1980 «ሄቨን ኤንድ ሄል» የተባለውን አልበም የሠራው ድምፃዊ ሮኒ ጄምስ ዲዮ ያለበት። ሁለቱን የሚያስታርቅ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

አይረን ሜይደን ራሱ ድንበሩን ያሰመረው በሌላ ቦታ ነው። በ2025 የ50 ዓመት ጉዞውን ሊያከብር ሲነሳ፣ ዘፈኖቹን የመረጠው ከ1980 እስከ 1992 ከወጡት ዘጠኝ አልበሞች ብቻ ነው። ዲያኖ የዘፈናቸው ገቡ፣ ክላይቭ በር የመታቸው ገቡ፣ ገርስ የመጣባቸውም ገቡ። የብሌዝ ሁለቱ ቀሩ። ማክብሬን ከመድረክ ጉዞ በ2024 መጨረሻ ስለተሰናበተ፣ ድራሙ ላይ የተቀመጠው ሳይመን ዶውሰን ነበር።