ከውኃ ወጥታ ስም የተሰጣት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የክርስቶስ ቤተሰቦች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ሰሞኑን እዚሁ ጎንደር አንዲት ሕፃን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና አንሥቻለሁ። ካህኑ ስሟን እየጠሩ ሦስት ጊዜ ነክረው ሲያስረክቡኝ፣ ውኃው ከጸጉሯ በጆሮዋ ሥር እየወረደ ነጠላዬን አራሰው። ማተቧ ሲታሰርላት አለቀሰች።

ወደ ቤት ስንመለስ ታላቅ ወንድሟ ጠየቀኝ፤ «እትዬ፣ ማርስና ጁፒተር የጣዖት ስም ነው ብለው አስተማሩን። የእኛዋን ምድርስ ማን ስም አወጣላት?»

ልጁ የሰማው እውነት ነው። ማርስ የሮማውያን የጦርነት ጣዖት ነው፣ ቬነስ የፍቅር፣ ጁፒተር የሁሉም አለቃ። በኋላ በቴሌስኮፕ የተገኙት እንኳ፣ ዩራነስ በ1781፣ ኔፕቲዩን በ1846 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በዚያው ልማድ ነው የተሰየሙት። ምድርን ግን የጥንት ሰዎች ከሚዞሩት ከዋክብት ጋር አልቆጠሯትም፤ እነዚያን ቀና ብለው ያያሉ፣ እሷን ይረግጧታል። ኮፐርኒከስ በ1543 ባሳተመው መጽሐፍ እሷም ፀሐይን ትዞራለች ሲል፣ ስሟ ከወጣ ዘመናት አልፈው ነበር። እንግሊዞች «ኧርዝ»፣ ጀርመኖች «ኤርደ» የሚሏት ቃሉ ከጥንት አፈር፣ መሬት ማለት ስለሆነ ነው። ሮማውያን ምድርንም ማምለካቸው አልቀረም፤ የእነዚህ ሕዝቦች ቃል ግን ያው አፈሩ ነው።

የእኛም ቃል እንደዚያው ቅርብ ነው። ምድር ስንል ዓለሙን ሁሉ እንላለን፤ እናቴ «ምድሩን ልለቅልቀው» ስትል ደግሞ እበቱን በእጇ ይዛ የቤቱን ወለል ማለቷ ነበር። ለሁለቱም ያው አንድ ቃል ይበቃል።

ለልጁ የመለስኩለት ግን ከኦሪት ነው። «እግዚአብሔርም የብሱን ምድር ብሎ ጠራው» ይላል ዘፍጥረት 1፥10። በቁጥር 1 ላይ «ሰማይንና ምድርን ፈጠረ» ተብሎ የለም ወይ የሚል ይኖራል። አለ፤ ሙሴ ስሟን ለሚያውቁ ሰዎች ስለሚጽፍ አስቀድሞ ጠራት እንጂ፣ ስም ስትቀበል የምናያት በቁጥር 10 ነው። በሥነ ፍጥረት ትምህርታችን መሬት ከአራቱ ባሕርያት አንዷ ሆና በእሑድ ተፈጠረች፤ እስከ ማክሰኞ ውኃ ለብሳ ቆየች። በማክሰኞ «የብሱም ይገለጥ» ሲባል ከውኃው ብቅ አለች፣ ያን ጊዜ ስሟ ተጠራ።

እንስሳትን ስም እንዲያወጣላቸው ለአዳም ሰጠው። ቀንን፣ ሌሊትን፣ ሰማይን፣ ምድርንና ባሕርን ግን ራሱ ጠራቸው። ይህን ሳነብ ልቤ ይሞላል። የምንረግጣት አፈር ስሟን የተቀበለችው ከፈጣሪዋ አፍ ነው!

እኛም ስማችንን ያገኘነው በውኃ ነው። ወልደ እገሌ፣ ወለተ እገሊት ስንባል የማን እንደሆንን ይነገራል። ዳዊትም ስለ እሷ «ምድርና ሞላዋ ለእግዚአብሔር ናት» ብሎ የማን እንደሆነች ተናግሯል። ወገኖቼ፣ ባለቤቷ ይህ ከሆነ ዕጣችንን ከማርስና ከቬነስ አካሄድ ለማወቅ ወደ ኮከብ ቆጣሪ ደጅ መሄድ ምን የሚሉት ነው? ማተብ አስረን እንዴት እንዲህ እናደርጋለን?

የአዳምም ስም ከዚህችው ከምድር ጋር የተሳሰረ ነው። በዕብራይስጥ «አዳማ» አፈር ነው፤ በግእዛችን ደግሞ መምህራን አዳም ማለት ያማረ፣ የተዋበ ማለት ነው ይላሉ። ለእኔ ሁለቱ አይጣሉም። «እስመ መሬት አንተ ወውስተ መሬት ትገብእ» የተባለውም ይኸው ያማረው ነው፤ አምላክ ሰው ሆኖ በዮርዳኖስ የቆመውም ለእርሱ ብሎ ነው።

ጎንደር ያላችሁ፣ ከጥምቀት በኋላ ወደ ፋሲል መዋኛ ብቅ በሉ። ያን ገንዳ ከቀሃ ወንዝ በቦይ በመጣ ውኃ ነው ለበዓሉ የሚሞሉት፤ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው። ጥር 11 ሕዝቡ የተረጨበት ውኃ ሲጎድል አንድ ጊዜ ቆሜ አይቻለሁ። መጀመሪያ ጥጋጥጉ ይታያል፣ ቀጥሎ ጭቃው፤ ፀሐይ ሲያገኘው ከዳር ጀምሮ እየነጣ ይሄዳል። ልጁን ዘንድሮ እዚያ እወስደዋለሁ ብዬ ቃል ገብቼለታለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።