ክራስን በተራራ ብስክሌት ማቋረጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በደቡብ ምዕራብ ስሎቬኒያ፣ ከጣሊያኗ ትሪየስቴ ከተማ ጀርባ፣ ክራስ የሚባል የኖራ ድንጋይ አምባ አለ። ውኃ እያሟሟ የቦረቦረው እንዲህ ያለ መሬት በዓለም ሁሉ ካርስት የሚባለው በዚህ ቦታ ስም ነው። በተራራ ብስክሌት ለሚጓዝ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ፈተና በብዙ ረጃጅም ተራሮች ላይ እንኳ አይገኝም ብዬ አምናለሁ። የሚያሳዝነው፣ ስለ ጉዞው ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፉት ምክሮች ብዙዎቹ ሰውን ባዶ እጁን የሚያስወጡ መሆናቸው ነው።

«ከፍታው ትንሽ ስለሆነ ቀላል ነው»

አብዛኛው የክራስ ክፍል ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር አይሞላም። አዲስ አበባ ላይ ላደገ ሰው ይህ ከፍታ አይባልም። የሚያደክመው ግን መሬቱ ፋታ የማይሰጥ መሆኑ ነው። ካርታ ላይ ሜዳ የሚመስለው ስፍራ ዶሊና በሚባሉ ክብ ጎድጓዳዎች የተሞላ ነው፤ ጥቂት ሜትር ብቻ የሚጠልቁ አሉ፣ ከ100 ሜትር የሚያልፉም አሉ። ቁልቁለቱ አጭር፣ ዳገቱም አጭር፣ ሁለቱም ግን ቀጥ ያሉና ስለታም ድንጋይ የበዛባቸው ናቸው። በጥሩ መንገድ አንድ ሰዓት የሚፈጀውን ርቀት እዚህ በሁለት ሰዓት የጨረሰ ሰው ጎበዝ ነው።

«ዝናብ የሚበዛበት አገር ስለሆነ ውኃ አይቸግርም»

ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው። ዝናቡ በእርግጥ ብዙ ነው፤ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ነገር ግን ዝናብ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲቀላቀልበት ደካማ አሲድ ይሆንና የኖራ ድንጋይን ያሟሟል። በሺህ ዓመታት ውስጥ ስንጥቁ ቱቦ፣ ቱቦውም ዋሻ ይሆናል። ዛሬ በክራስ ላይ የሚወርደው ውኃ ጅረት ለመሆን ጊዜ አያገኝም፤ ወዲያው ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ሬካ የተባለው ወንዝ በሽኮትስያን ዋሻዎች ገብቶ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ከመሬት በታች ይጓዝና ጣሊያን ውስጥ፣ ዱይኖ አጠገብ፣ በቲማቮ ምንጮች ይወጣል። ዋሻዎቹ እ.ኤ.አ. በ1986 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። በባሌ የወይብ ወንዝ ሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ያየ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

የመንደሮቹ ሰዎች ይህን ከማንም በላይ ያውቁት ነበር። የቧንቧ ውኃ ከመምጣቱ በፊት የጣሪያቸውን ዝናብ በድንጋይ በተገነባ የግቢ ጉድጓድ ያጠራቅሙ፣ ከብቶቻቸውን ደግሞ ሸክላ አፈር ጠቅጥቀው በሠሯቸው ኩሬዎች ያጠጡ ነበር። እኛም እንደ እነሱ ማሰብ አለብን፦ በሞቃቱ ወራት ለግማሽ ቀን ጉዞ ሦስት ሊትር መያዝ፣ በሚታለፍበት መንደር ሁሉ መሙላት። «ወንዝ ላይ እደርሳለሁ» ብሎ መውጣት እዚህ አይሠራም፤ ወንዙ ከእግር በታች ነው።

«ጎማ በኃይል ከተነፋ አይበሳም»

ጠጥሮ የተነፋ ጎማ በድንጋይ ላይ እንደ ኳስ ይነጥራል፣ መሬቱንም መያዝ ያቅተዋል። በጣም የላላው ደግሞ በድንጋይና በቸርኬ መካከል ተጨፍልቆ ይቆረጣል። የውስጥ ጎማ ለሌለው ሰፊ ጎማ፣ እንደ ብስክሌተኛው ክብደት፣ ከ1.5 እስከ 2 ባር አካባቢ ያለው ግፊት ጥሩ መነሻ ነው። ቀዳዳ የሚደፍነው ፈሳሽም ሁሉን አያድንም። የእሾህ ቀዳዳ ይደፍናል፤ ምላጭ የመሰለ የድንጋይ ጠርዝ የጎማውን ጎን ሲሰነጥቀው ግን ፈሳሹ ፈስሶ ያልቃል። ስለዚህ ከውስጥ የሚለጠፍ ጠንካራ ቁራጭና አንድ ትርፍ የውስጥ ጎማ ከቦርሳ መጥፋት የለባቸውም። በዚያ ጫካ ውስጥ ጎሚስታ የለም።

«ሸካራ ድንጋይ አያንሸራትትም»

ሲደርቅ እውነት ነው፤ ደረቅ የኖራ ድንጋይ ጎማን የሚይዘውን ያህል የሚይዝ መሬት ጥቂት ነው። ነገር ግን ሰውና ከብት ለዘመናት ረግጦ ያለሰለሰው ድንጋይ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል፤ ዶሊና ውስጥ ጥላው ስለማይለቅ ላዩ እስከ ቀትር እርጥብ ሆኖ ይቆያል። በዚያ ላይ ቀዩ ሸክላ አፈር የጎማውን ጥርስ ይሞላዋል። ዝናብ በጣለ ማግስት ጉዞን ለሌላ ቀን ማሳደር ፍርሃት አይደለም።

«ቀስ ያለ አይወድቅም»

በጣም ቀስ ያለ ጎማ በየስንጥቁ ይቆማል፣ ነጂውንም በመሪው ላይ አሽቀንጥሮ ይጥለዋል። መጠነኛ ፍጥነት ይዞ፣ ከኮርቻ ተነሥቶ፣ ፔዳሎቹን እኩል አድርጎ፣ ዓይንን ጥቂት ሜትሮች ወደ ፊት መጣል ይሻላል። ውኃ በድንጋዩ ላይ የቀረጻቸውን ረጃጅም ቦዮች ማቋረጥ ያለብን በአግድም ነው፤ በርዝመታቸው የገባ የፊት ጎማ በቀላሉ አይወጣም። ፍሬን መያዝ የሚገባውም ከድንጋዩ በፊት እንጂ ድንጋዩ ላይ አይደለም።

«ሰማዩ ከጠራ አየሩ አያሰጋም»

ቦራ የሚባለው ቀዝቃዛ የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ በጠራ ሰማይም ይመጣል። በቀዝቃዛው ወራት ግፊያው በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ትሪየስቴ ውስጥ እግረኞች እንዲይዙት በጎዳና ላይ ገመድ ይወጠር ነበር። ገላጣ ቦታ ላይ ብስክሌትን ከነሰው ይጥላል። ትንበያው ቦራ ካለ አለመውጣት ነው።

«ድንጋይ ስለሆነ ከመንገድ ብንወጣ ምንም አይጎዳም»

ሁለት ነገሮች ይረሳሉ። የመጀመሪያው፣ ይህ መሬት በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. ከ1915 እስከ 1917፣ የኢጣሊያና የኦስትሪያ-ሃንጋሪ ሠራዊቶች የተፋለሙበት ግንባር ነበር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 እሳት ክራስን ሲያቃጥል የተቀበሩ የዚያ ጦርነት ጥይቶችና ቦምቦች በእሳት አጥፊዎች አቅራቢያ ይፈነዱ ነበር። ከመንገድ ዳር የተገኘ የዛገ ብረት አይነካም።

ሁለተኛው ውኃው ነው። በሌላ ቦታ አፈር የሚያጣራውን ቆሻሻ ስንጥቁ ሳያጣራ ወደ ታች ያወርደዋል። ታች ደግሞ የሰው የመጠጥ ውኃና ፕሮቲየስ የተባለው ዓይነ ስውር የዋሻ ፍጥረት አለ። የሰንሰለት ዘይት፣ የጎማ ፈሳሽ፣ የተጣለ ላስቲክ ሁሉም ወደዚያው ይሄዳል። ከዚህም ሌላ በስሎቬኒያ የእግረኛ መንገድ ሁሉ ለብስክሌት የተፈቀደ አይደለም፤ የተፈቀዱት የትኞቹ እንደሆኑ በአካባቢው የቱሪስት መረጃ ቢሮ አስቀድሞ መጠየቅ ይቻላል።