በዊኪፔዲያ በሕይወት ስላሉ ሰዎች የመጻፍ ደንብ ምንድን ነው?

ጆን ሲገንታለር በወጣትነታቸው የፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ወንድም የሮበርት ኬኔዲ ረዳት የነበሩ፣ ኋላም የሮበርትን አስከሬን ከተሸከሙት አንዱ የሆኑ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ ሰው በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ገብቶ፣ እኚህ ሰው በሁለቱ ወንድማማች ኬኔዲዎች ግድያ ተጠርጥረው ነበር ብሎ ጻፈ። ውሸቱ ከአራት ወራት በላይ እንደተቀመጠ ቆየ። ሲገንታለር ጉዳዩን ዩኤስኤ ቱዴይ ጋዜጣ ላይ አወጡት። ጸሐፊው በኋላ ሲገኝ፣ ከሥራ ባልደረባው ጋር ለመቀላለድ ያደረገው መሆኑን ተናገረ።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ዊኪፔዲያ በሕይወት ስላሉ ሰዎች የሚጻፍበትን ደንብ አወጣ። ፍሬ ነገሩ የማስረዳት ሸክም በማን ላይ ይወድቃል የሚለው ነው። ስለ አንድ ወንዝ ምንጭ ያልተጠቀሰለት ዓረፍተ ነገር ቢገኝ ምልክት ተደርጎበት ይቆያል፤ ወንዙ ከሥራ አይባረርም፣ ትዳሩም አይፈርስም። በሕይወት ስላለ ሰው የተጻፈ አከራካሪ ነገር ግን፣ የታመነ ምንጭ ከሌለው ውይይት ሳይጠበቅ ይሰረዛል። ይመለስ የሚል ሰው ማስረጃውን ይዞ ይምጣ።

ደንቡ ስም ማጥፋትን ብቻ የሚከለክል ይመስላቸዋል ብዙዎች። ያለምንጭ የተከመረ ውዳሴም እኩል ይወጣል፤ እኛ ዘንድ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከስድቡ ይልቅ የሚያስቸግረው ውዳሴው ነው። ተከሶ ያልተፈረደበት ሰው ወንጀለኛ ተብሎ አይጻፍም። የታወቀ ሰው ካልሆነማ ክሱ ጭራሽ ባይነሳ ይመረጣል።

የልደት ቀንም ጥንቃቄ ይሻል። ሙሉው ቀን በሰፊው ያልታተመ ከሆነ ዓመቱ ብቻ ይበቃል፤ ለማጭበርበር የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚለቅመው ሙሉውን ቀን ነውና። ለኢትዮጵያዊ ባለታሪክ ሌላ ጣጣ አለ። «በ1965 ዓ.ም. ተወለደ» የሚል ብቻ ከተገኘ፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር 1972ም 1973ም ሊሆን ይችላል። ወሩ ሳይታወቅ አንዱን መርጦ መጻፍ ግምትን እውነት አስመስሎ ማስገባት ነው፤ ሁለቱንም መጥቀስ ይሻላል።

ባለታሪኩ ሲያርፍም ደንቡ በማግስቱ አይነሳም። ቤተሰቡ ገና በሐዘን ላይ ነውና፣ እንደ ሁኔታው ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ሊጸና ይችላል።