የዘገየ ጥንድ ምልክት ምንድን ነው?

ጎንደር በነሐሴ ሰማዩ ብልጭ ሲል ጆሮ ነጎድጓዱን ይጠብቃል። ብልጭታው ብቻውን የመኪና መብራትም ሊሆን ይችላል፤ ተከትሎ ካጉረመረመ ግን መብረቅ ነው። ከኑክሌር ሬአክተር የሚወጣውን አንቲኒውትሪኖ (ቁስን ሳይነካ ማለፍ የሚቀናው ጥቃቅን ቅንጣት) የሚይዙ መሣሪያዎችም በዚሁ ዘዴ ይሠራሉ።

1 ጊጋዋት ሙቀት የሚያመነጭ ሬአክተር በሰከንድ 200 ቢሊዮን ቢሊዮን ያህል አንቲኒውትሪኖ ይረጫል። ያም ሆኖ ከ3 ጊጋዋት ሬአክተር 25 ሜትር ርቆ የተቀመጠ 1 ቶን ፈሳሽ በቀን የሚያገኘው ጥቂት ሺህ ግጭት ነው።

ፈሳሹ ጨረር ሲነካው የሚያበራ ዘይት ነው። ከ1.8 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት በላይ ጉልበት ያለው አንቲኒውትሪኖ የሃይድሮጅን ፕሮቶን ሲመታ ፖዚትሮን (የኤሌክትሮን ተቃራኒ፣ አዎንታዊ ቅንጣት) እና ኒውትሮን ይወጣሉ። ፖዚትሮኑ ወዲያው ያበራል። ኒውትሮኑ ግን እየተላተመ ከቀዘቀዘ በኋላ አንድ አቶም ሲውጠው ሁለተኛው ብልጭታ ይመጣል። የዘገየ ጥንድ ምልክት የሚባለው ይህ የሁለት ብልጭታ ተከታታይነት ነው። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ሬይንስና ካወን በ1956 እ.ኤ.አ. አንቲኒውትሪኖን ያገኙት በዚህ መንገድ ነው፤ ኒውትሮኑን የዋጠው ካድሚየም ነበር።

ማሻሻያው በአብዛኛው ሁለተኛውን ብልጭታ ማጥራት ነው። ሃይድሮጅን ብቻ ከሆነ ኒውትሮኑን ለመዋጥ 200 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ የሚሰጠውም 2.2 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ የድንጋይና የብርጭቆ ተፈጥሯዊ ጨረር እዚያው ክልል ውስጥ ስለሚገኝ ይምታታል። 0.1 በመቶ ጋዶሊኒየም (ኒውትሮን በብርቱ የሚውጥ ብረት) ሲጨመር ጊዜው ወደ 30 ማይክሮ ሰከንድ ያጥራል፣ ጉልበቱም ወደ 8 ይወጣል። ጣጣው ጋዶሊኒየም በዘይት አለመሟሟቱ ነው። ከኦርጋኒክ አሲድ ጋር በደንብ ካልተጣመረ ፈሳሹ እየደፈረሰ ብርሃን ማሳለፉን ይቀንሳል፤ ቹዝ የተባለው የፈረንሳይ ሙከራ ላይ የደረሰው ይህን መሰል ነገር ነው። ለትንሽ ታንከር ሊቲየም 6 ይሻላል፦ ጋዶሊኒየም የሚለቀው ጋማ (ርቆ የሚሄድ ጨረር) ከታንከሩ ያመልጣል፣ ሊቲየም የሚለቃቸው አልፋና ትሪቶን (ርቀው የማይሄዱ ቅንጣቶች) ግን እዚያው ይቀራሉ።

አስቸጋሪው አስመሳይ ከኅዋ ጨረር የሚመጣው ፈጣን ኒውትሮን ነው። ፕሮቶን ገፍቶ ያበራል፣ ቆይቶም ይዋጣል፤ ጥንዱን ቁልጭ አድርጎ ይኮርጃል። ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው ጎንደር ሜዳ ላይ ታንከር ቢቀመጥ ከምጽዋ ዳርቻ ይልቅ በብዙ እጥፍ ይመታል። መከላከያው ሲሠራ እርሳሱ ከውጭ፣ ውሃውና ፕላስቲኩ ከውስጥ ይሁኑ፤ ሚዮን (ከኅዋ ጨረር የሚመጣ ሌላ ቅንጣት) እርሳስ ሲመታ ራሱ ኒውትሮን ይፈጥራልና። ያመለጠውን ደግሞ የብልጭታው ጭራ ያጋልጠዋል፦ የተገፋ ፕሮቶን ከፖዚትሮን ይልቅ ቀስ ብሎ ይጠፋል። የቀረው ሬአክተሩ ነዳጅ ለመቀየር ሲዘጋ ተቆጥሮ ይቀነሳል።