ፓዝ ኢንተግሬሽን ምንድን ነው?

የሰሃራ በረሃ ጉንዳን ምግብ ፍለጋ ስትወጣ መንገዷ ጥምዝምዝ ነው። ወዲህ ትላለች፣ ወዲያ ትላለች። የሞተ ነፍሳት ካገኘች በኋላ ግን ቀጥ ብላ ወደ ጎጆዋ ትሮጣለች። ዛፍም ድንጋይም በሌለበት ሜዳ ቤቷ በየት በኩል እንደሆነ በምን አወቀች?

ስሌቱ ፓዝ ኢንተግሬሽን ይባላል። በየእርምጃዋ ወዴትና ምን ያህል እንደሄደች ካለፈው ድምር ላይ ትጨምራለች። መንገዱን በሙሉ ማስታወስ አይጠበቅባትም። የምትይዘው ውጤቱን ብቻ ነው፦ ቤት በዚህ በኩል፣ ይህን ያህል ርቆ።

አቅጣጫውን ከፀሐይና ከሰማዩ ብርሃን ታገኛለች። ርቀቱንስ? በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው ሙከራ ግሩም ነው። ተመራማሪዎች ቱኒዚያ ውስጥ ጉንዳኖችን ቀጥ ባለ ቦይ ከጎጇቸው 10 ሜትር ርቆ ከተቀመጠ ምግብ ጋር አለማመዱ። ምግቡ ጋ ሲደርሱ ይዘው የአንዳንዶቹን እግር የአሳማ ፀጉር በማጣበቅ አስረዘሙ፤ የሌሎቹን ቆረጡ። (አዎ፣ ጭካኔ አለበት።) ከዚያ ጎጆ በሌለበት ሌላ ቦይ ለቀቋቸው። እግረ ረጃጅሞቹ 15 ሜትር ገደማ ሄደው ጎጆ መፈለግ ጀመሩ። እግራቸው ያጠረው 6 ሜትር አካባቢ ላይ «ደረስን» አሉ። እርምጃ ይቆጥራሉ ማለት ነው፤ ቢያንስ ከቆጠራ የማይለይ ነገር ይሠራሉ።

ወለል የሚጠርግ ሮቦትም የጎማውን ዙር ይቆጥራል። ጣጣው ጎማ ይንሸራተታል። አንዴ የገባ ስህተት በራሱ አይወጣም፤ ሌላው እላዩ ላይ ይደረባል። የአቅጣጫ ስህተት ደግሞ ይብሳል፦ 2 ዲግሪ ብቻ ብትስት፣ 100 ሜትር ሄደህ 3.5 ሜትር ገደማ ወደ ጎን ወጥተሃል።

በአይጥ አንጎል ውስጥ ይህን ስሌት ያግዛሉ ተብለው የሚታመኑት ግሪድ ሴሎች የሚባሉ የነርቭ ሴሎች ናቸው። ይፋ የሆኑት በ2005 ነው። ያገኟቸው ሜይ-ብሪት ሞዘርና ኤድቫርድ ሞዘር በ2014 ከጆን ኦኪፍ ጋር ኖቤል ተሸልመዋል።

አውስትራሊያ ብሪዝበን ውስጥ ማይክል ሚልፎርድና ጎርደን ዋይዝ ከአይጥ አንጎል ተነስተው ራትስላም የሚባል፣ ሮቦት ያለበትን ቦታ እየተከታተለ ካርታ የሚያወጣበት የኮምፒውተር ሞዴል ሠሩ። አንድ ካሜራ መኪና ላይ ጭነው የአንድ ሰፈር ጎዳናዎችን፣ 66 ኪሎ ሜትር መንገድ፣ ካርታ አወጡበት። ድምሩ ሲዛባ የሚያርመው ከዚህ በፊት ያየው ቦታ ነው። ግን አንድ ምስል ስለተመሳሰለ ብቻ ሐሳቡን አይቀይርም፤ ሰፈር ውስጥ የሚመሳሰል መንገድ ሞልቷል። የሚያውቃቸው ምስሎች በተከታታይ ሲመጡለት ነው ቦታውን የሚያስተካክለው።